ዓርብና ቅዳሜን በድሬ፣ እሁድን በሐረር፦ ለሸዋል ዒድ ጾመኛ እናቴን ይዤ እመጣለሁ፤ ምን እንብላ? የት እንስማ?

የቦሌ_እንግዳ (ማክሰኞ ማታ 2፡10)

ሰላም ለቤቱ። የድሬና የሐረር ልጆች እርዱኝ።

እኔ፣ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ለሸዋል ዒድ ልንመጣ ነው። ዓርብ ከሰዓት በአውሮፕላን ድሬ እንገባለን። ሰኞ ጠዋት እንመለሳለን። ያሰብኩት ዓርብና ቅዳሜን ድሬ አሳልፈን፣ እሁድ ጠዋት ሐረር ደርሰን ማታ ለመመለስ ነው።

ችግሬ ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር መፈለጋቸው ነው። እናቴ ዐብይ ጾም ላይ ናት፣ በጾሟ ቀልድ አታውቅም። ወንድሜ ስዕል ይስላል፣ ደብተሩን ይዞ ጥግ ካገኘ ሁለት ሰዓት አይነቃነቅም። እኔ ደግሞ የምፈልገው በአካል የሚጫወት ሙዚቃ ነው። ፍላሽ ሳይሆን ሰው። አንድ ሆቴል ደውዬ «ማታ ሙዚቃ አላችሁ?» ስላቸው «ዲጄ አለን» አሉኝ። ዲጄማ ቦሌም ሞልቷል።

ልጅ እያለሁ አንዴ መጥቼ ነበር። የማስታውሰው ሙቀቱንና አንድ ብርቱካናማ፣ ጥምዝምዝ ያለ ጣፋጭ ነው። ስሙን የሚያውቅ ካለ ቡና እጋብዛለሁ።

የቀፊራ_ልጅ (ማክሰኞ ማታ 2፡25)

አቦ እንኳን ደህና መጣሽ! ቡናዬን አዘጋጂ፣ ሙሸበክ ነው። ሊጡ የጋለ ዘይት ውስጥ እየተጠማዘዘ ይፈስና ሲወጣ ስኳር ውስጥ ይነከራል። እጅሽ ላይ ተጣብቆ እስከ ቤት አብሮሽ ይሄዳል። ወተትና እንቁላል እንደሌለው ሻጩን ጠይቀሽ ለማዘርም ግዢላቸው።

አሁን ስለ ድሬ። ድሬ በቀን ሁለቴ ነው የሚነጋው። አንዴ ጠዋት 12 ሰዓት፣ አንዴ ከሰዓት 10 ሰዓት። መሃሉ ላይ ከተማው የለም። ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ውሻ እንኳን መንገድ አያቋርጥም። እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 7 ሰዓት ላይ ቀፊራ ወርዶ «ገበያው ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ወንድሜ፣ ቀዝቃዛ ያልከው ሰው የሌለበትን ነው እንጂ ፀሐዩንማ አየኸው!

ቀፊራ ጠዋት 2 እና 3 ሰዓት ላይ ውረዱ። ቅስት ቅስት ያለውን የገበያውን አሮጌ ግንብ ለሰዓሊው አሳዩት። ከገጠር የሚመጡ ሴቶች ልብሳቸው ራሱ ስዕል ነው። ግን ሳያስፈቅድ ፎቶ እንዳያነሳ።

ማታ ከዚራ። ዛፍ ከግራና ከቀኝ የተገናኘበት መንገድ ላይ ዝም ብላችሁ ተራመዱ። ከዚያ ተሻግራችሁ ወደ መጋላ። ባጊያ ከድስት ሲወጣ ብሉ፣ ከቀዘቀዘ ሌላ ምግብ ነው። በጥራጥሬ ሊጥ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ስለሆነ ለጾምም ይሆናል። በስባሱን፣ የቃሪያ ማባያውን፣ ግን መጀመሪያ በጣት ቅመሱ። የአዲስ አበባ ሰው «ሚጥሚጣ ለምጃለሁ» ብሎ ይጀምርና መጨረሻው እንባ ነው።

ሰንበቴ_ጠጪ (ማክሰኞ ማታ 2፡41)

ልጄ፣ ስለ እናትሽ እኔ ልናገር፣ እኔም ጾመኛ ነኝና። ዓርብ ዕለት እስከ 9 ሰዓት ስለሚቆዩ ከአውሮፕላን እንደወረዱ ምግብ ምግብ አትበያቸው። ቅዳሜና እሁድ ግን ከሥጋና ከወተት መከልከል እንጂ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም። ቅዳሴ ካስቀደሱ በኋላ መቅመስ ይችላሉ።

ፉል ስታዢ «የጾም» ማለት ብቻ አይበቃም። እዚህ ፉል ሲመጣ እንቁላሉ ከላይ ተቀምጦ፣ አንዳንዴም ቅቤው ከውስጥ ገብቶ ነው። «ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ፣ በዘይት» ብለሽ ሦስቱንም ጥሪ። ፈጢራም እንደዚያው። አንዳንዱ ቤት እንቁላሉን የሚያስገባው መጨረሻ ላይ ስለሆነ መተው ይችላል። ሳምቡሳ የምስሩን ጠይቂ። ዘይቱ ሥጋ የተጠበሰበት እንደሆነ የሚጨነቁ ከሆነ ደግሞ የምስር ብቻ የሚሠሩ ሴቶች ጋ ሂዱ፣ አይጠፉም።

ፍራፍሬውን አትርሺ። ፓፓያው፣ ማንጎው፣ ዘይቱኑ። አምበሾክ ካገኛችሁ ወቅቱ ነው ማለት ነው፣ አትለፉት። አዲስ አበባ ጊሽጣ የምትሉት ነው።

አስማዲን_በሪ (ማክሰኞ ማታ 3፡02)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ፣ ፕሮግራምሽን ገልብጪው። እሁድ ጠዋት ሸዋል ዒድን ልታይ የምትመጪ ከሆነ የምታገኚው የተኛ ከተማ ነው። በዓሉ የሌሊት ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ረመዳን አልቆ ዒድ ከተከበረ በኋላ ስድስት ቀን የሸዋል ጾም አለ። ሸዋል ዒድ የሚከበረው ያ ሲፈታ፣ በስምንተኛው ቀን ነው። ሐረሪ በየአገሩ ተበትኗል፣ ለዚህ በዓል ግን ይመለሳል። አው ሹሉም አሕመድና አው አክበራ በሚባሉት የአውሊያ ቦታዎች ሰው ይሰበሰባል። ዚክሪ ይባላል፣ ይዘፈናል፣ ወጣቱ ይተያያል። ድሮ ብዙ ትዳር የተጀመረው በዚያ ሌሊት ነው፤ እናቴና አባቴም እዚያው ነው የተያዩት። ዩኔስኮ በኅዳር 2016 ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። በግንብ የተከበበው የድሮው ከተማ፣ ጁገል፣ ራሱ በቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ነበር፤ ስለዚህ አሁን ግንቡም በዓሉም ተመዝግበዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀኑ በጨረቃ ነው። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ሰው ጠይቂ።

አሁን ስለ ሙዚቃው። «በአካል የሚጫወት ሰው» አልሽ? በዚያ ሌሊት መድረክ አትፈልጊ። ከራቡ የሚባል ከበሮ አለ። ከበል አለ፣ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ነው፣ በሁለት እጅ ይዘው ያጋጩታል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ «ይኼ ብቻ ነው?» ትያለሽ። ቆይ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንጨቱ በጆሮሽ ሳይሆን በደረትሽ ነው የሚሰማሽ።

ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ማውለቅ ያለበት ቦታ አውልቁ፣ መጠጥ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ሰው ዱዓ ላይ ሲሆን ስልክ ፊቱ ላይ አትደግኑ። ከዚያ ውጭ እንግዳ ክብሩ ነው፣ ሃይማኖት አይጠየቅም። እናትሽ ቢደክማቸው እንኳን ማረፊያ የሚሰጣቸው ሰው አያጡም።

የቦሌ_እንግዳ (ማክሰኞ ማታ 3፡10)

ወይኔ! እሁድ ጠዋት ደርሼ «በዓሉ የት አለ?» ልል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ሐረር እንደር?

አስማዲን_በሪ (ማክሰኞ ማታ 3፡12)

ቅዳሜ ጠዋት ድሬን ጨርሳችሁ ቀትር ሳይሆን ውጡ። ቀትር ላይ ድሬ ምንም አታገኙም፣ የቀፊራው ልጅ ራሱ ነግሮሻል።

የቀፊራ_ልጅ (ማክሰኞ ማታ 3፡15)

ሐረሬ ሁሌ እንግዳችንን ትቀማናለህ። እሺ፣ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት የኛ ናት።

ባለባጃጁ (ማክሰኞ ማታ 3፡33)

ስለ መንገዱ እኔ ልበል። ድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ በየደቂቃው አለ። ደንገጎ ላይ ጠመዝማዛ ነው። ማዘር መኪና የሚያዞራቸው ከሆነ ከፊት አስቀምጧቸው፣ ሎሚ ያዙ። ሐረማያን አልፋችሁ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ይይዛል፣ አትደንግጡ፣ ያልፋል። ድሬ በሸሚዝ ወጥታችሁ ሐረር ማታ ሹራብ ትፈልጋላችሁ። 700 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ነው የምትወጡት።

በማታ ግን አትጓዙ። የጫት አይሱዙ ሲመጣ መንገዱ የሱ ነው። እሁድ ከ11 ሰዓት በፊት ከሐረር ውጡ።

ድሬ ውስጥ ባጃጅ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተስማሙ። እኔ ራሴ ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ጓደኞቼን አውቃቸዋለሁ።

ኪቦርድ_ተጫዋች (ረቡዕ ጠዋት 4፡20)

ሌሊት ስሠራ አድሬ አሁን ነው ያየሁት። ድሬ ውስጥ ለ11 ዓመት ኪቦርድ ተጫውቻለሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ።

በዐብይ ጾም የምሽት ቤት ባንድ አትጠብቂ። ብዙው ቤት ያሳርፋል ወይ በዲጄ ያሳልፋል። ሆቴሉ አልዋሸሽም። እኛ ግን ሥራ አልፈታንም። ሸዋል የሙስሊም ሰርግ ወቅት ስለሆነ ያለነው ሰርግ ላይ ነው። በአንድ ሌሊት ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ፣ አማርኛ፣ አንዳንዴም አረብኛ ትጫወቺያለሽ። አዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬ «ኖታው የት አለ?» አለኝ። ኖታው የሙሽራዋ አክስት ናት። እሷ ከተነሳች ዘፈኑ ገብቷል፣ ከተቀመጠች ቀይር።

ድሬ ስለ ሙዚቃ ስታስቢ አሊ ቢራን አስቢ። የተወለደው እዚህ ነው። በ2015 ሲያርፍም የተቀበረው እዚሁ ነው። ገና ልጅ እያለ የገባበት አፍረን ቀሎ የሚባለው ቡድን በ1950ዎቹ ድሬ ውስጥ ነው የተመሠረተው። በኦሮምኛ መድረክ ላይ መዝፈን ቀላል ባልነበረበት ጊዜ እነዚያ ልጆች ሰርግ ላይ ነው የጀመሩት። እኛም ዛሬ ሰርግ ላይ ነን። ምንም አልተቀየረም፣ ስፒከሩ ብቻ ነው ያደገው።

ስለዚህ ምክሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዓርብ ማታ የባህል ማዕከሉ አሊያንስ ፍራንሴዝ ዝግጅት ካለው ጠይቂ፣ አልፎ አልፎ ኮንሰርትና ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል። ሁለተኛ፣ የድሬ ሰው ወዳጅ አድርጊ። ሁለት ቀን ከቆየሽ ሰርግ ትጋበዣለሽ፣ ይኼን በእርግጠኝነት ነው የምልሽ።

ፒያሳ_የቀረሁ (ረቡዕ ጠዋት 5፡05)

ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ግን በአፍ አትመኑ። እኔ በአንድ የበዓል ሰሞን ሐረር አንድ ማረፊያ (ስሙን አልጠራም) ቀብድ በስልክ ልኬ ስደርስ «ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» አሉኝ። ሌሊት 5 ሰዓት ነው፣ ሁለት ልጆች ይዣለሁ። ጸሐፊዋ ወደ ጣሪያው እያየች «ሲስተም ነው» አለችኝ። ሲስተም የተባለው አንድ ባለ መስመር ደብተር ነበር፣ ስሜ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። በመጨረሻ አንዲት የጁገል እናት ናቸው ያሳደሩን። ገንዘብ አልቀበልም ብለው ሙግት ገጠምን።

ስለዚህ ቀብድ ከላካችሁ ደረሰኙን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ዓርብ ጠዋት ደግማችሁ ደውሉ።

አስማዲን_በሪ (ረቡዕ ጠዋት 5፡30)

@ፒያሳ_የቀረሁ ያሳፍራል ወላሂ። ይቅርታ በሐረር ስም።

እንግዳዋ፣ ጁገል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች አሉ። ለእናትሽ ከሆቴል ይልቅ ይኼን እመክራለሁ። ቤቱ ራሱ ሙዚየም ነው። ስትገቢ ወለሉ ወደ ላይ ከፍ ከፍ ያለ መደብ ነው፣ ነደባ ይባላል። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ግድግዳው ላይ ሳህንና ስፌት ተደርድሯል።

ስፌት ልትገዙ ከሆነ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ፊቱን ማንም ያሳምራል። ጀርባው ላይ ስፌቱ ካልተዘለለና ቀለሙ ከሣሩ ጋር ከሆነ ጥሩ እጅ ነው። ፕላስቲክ የገባበት ያብረቀርቃል፣ ይቀልላል።

ቀለም_ቀቢ (ረቡዕ ከሰዓት 9፡15)

ለሰዓሊው ወንድምሽ።

ድሬ፦ የድሮው ባቡር ጣቢያ። ከተማው የተወለደው በሱ ነው፣ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ታች ቀረ፣ ድሬም በቃ ተፈጠረች። ከጣቢያው ጀርባ ያለው የጥገና ፋብሪካ አሮጌ ሎኮሞቲቭና ማሽን ይዞ ቆሟል። ፈቃድ ጠይቆ ካስገቡት ደብተሩን አንድ ቀን ይሞላዋል። ዝገት መሳል የሚወድ ሰው ገነት ነው።

ፖርክ ኤፒክ ዋሻም ከድሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ አለ። ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድና ቴያር ደ ሻርደን እ.ኤ.አ. በ1929 ያገኙት ነው፣ የድንጋይ ዘመን መሣሪያና የዋሻ ስዕል አለው። ግን አቀበት ነው፣ መሪ ያስፈልጋል፣ ሙቀት አለ። ከእናት ጋር በሁለት ቀን ጉዞ አይሆንም። ለሌላ ጊዜ ይተወው።

ሐረር፦ ራምቦ ቤት ይግባ። ገጣሚው ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 እየሄደ እየተመለሰ ሐረር ኖሯል። ቤቱ ግን በኋላ የተሠራ የነጋዴ ቤት ነው፣ አስጎብኚ «እዚህ ተኝቶ ነበር» ካለው ፈገግ ይበል። መግባት ያለበት ስለ ራምቦ ብሎ አይደለም። ከላይኛው ፎቅ የቀለም መስታወቱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ወለሉ ላይ የሚወርደውን ቀለም ይይ። የድሮ ሐረር ፎቶዎችም አሉ።

ሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ ለአንቺ ነው። የቁርዓን ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ልብስ አለ። ባለቤቱ ማሰባሰብ ሲጀምር ከሙዚቃ ቅጂ ነው የጀመረው፣ የድሮ የሐረሪ ዘፈን እንዲያሰሙሽ ጠይቂ።

ጨርቅ_ሰፊ (ረቡዕ ማታ 1፡50)

የሐረሩን መኪና ግርግር ማንም አላነሳም! ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ስትወርዱ ግራና ቀኝ ሲንጀር ነው። ጨርቁን ከአንዱ ሱቅ ግዙ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ይሰፋላችኋል። አንድ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ ቀሚሱ አልቋል። ሙዚቃ ፈላጊዋ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ቆመሽ አዳምጪ። ሁላችንም አንድ ላይ ስንረግጥ ከከበሮ አያንስም።

የበዓል ሰሞን ሥራ ይበዛል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስጡና እሁድ ውሰዱ።

የቀፊራ_ልጅ (ረቡዕ ማታ 2፡00)

የሐረሩን ጅብ ማን ያንሳ?

ባለባጃጁ (ረቡዕ ማታ 2፡02)

ጅቡ ሁሌ አለ። ሲመሽ፣ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከግንቡ ውጭ። ሥጋ በእንጨት ጫፍ ይሰጥሻል፣ አጎርሺው። የመኪና መብራት ላይ ዓይናቸው ሲያበራ ነው የሚያስፈራው፣ ከተጠጉ በኋላ ውሻ ናቸው።

ሰንበቴ_ጠጪ (ረቡዕ ማታ 2፡09)

ውሻስ አይደሉም። እኔ 30 ዓመት ኖሬ አንድ ቀን አልተጠጋሁም።

አስማዲን_በሪ (ረቡዕ ማታ 2፡16)

ግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፣ ወራባ ኑዱል ይባላል። ሌሊት ገብተው የጣልነውን ይበላሉ፣ ሳይነጋ ይወጣሉ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ትላላችሁ አይደል? እዚህ ያውቁታል፣ ተነጥፎለታል።

የቦሌ_እንግዳ (ከሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡30)

ተመልሰናል። ቃል የገባሁትን ልጻፍ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ዓርብ። እናቴ ከአውሮፕላን ወርዳ «ይኼ ሙቀት ነው ወይስ ሞተሩ ነው?» አለች። 9 ሰዓት እስኪሞላ ክፍል ውስጥ ተኛች። 11 ሰዓት ላይ ከዚራ ወጣን። ሰው ሁሉ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ተቀምጧል። መጋላ ስንገባ ባጊያ የምትጠብሰዋ ሴትዮ እናቴን ገና ስታያት «ጾመኛ ናቸው?» አለችኝ። እንዴት አወቀች? እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ረስቼዋለሁ። ሴትዮዋ ሒጃብ የለበሰች ናት። ዘይቱን እየጠቆመች «ሥጋ ነክቶት አያውቅም» ብላ አረጋገጠችላት። እናቴ ሰባት በላች። እኔ በስባሱን በጣት አልቀመስኩም። ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም።

ወንድሜ ከእራት ይልቅ የፈጢራ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ቀረ። ልጁ ሊጡን በመዳፉ ጠፍጥፎ ወደ ላይ ሲወረውረው እየሰፋ፣ እየሳሳ፣ መብራቱ በሊጡ ውስጥ አልፎ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ አራት ጎኑን እንደ ደብዳቤ ያጥፈዋል። ወንድሜ ስድስት ገጽ እጅ ብቻ ሳለ። ልጁ ደብተሩን አይቶ «ፊቴስ?» አለው።

አሊያንስ በዚያ ቀን ዝግጅት አልነበረውም።

ቅዳሜ። ጠዋት 2 ሰዓት ቀፊራ፣ ከዚያ ባቡር ጣቢያ። የጥገና ፋብሪካው በዚያ ቀን አልተፈቀደልንም። ወንድሜ ከደጅ ሆኖ በሩን ስሎ ተመለሰ። ደንገጎ ላይ ሎሚው ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ ሆነ።

ሐረር ጁገል ውስጥ የሐረሪ ቤት አደርን። የቤቱ እመቤት እናቴን ከፍ ያለው ነደባ ላይ አስቀመጧት። እናቴ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጠችው። ቁጢ አመጡ፣ የቡና ቅጠል ነው። «ወተት የለውም፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ወገብ ሕመም ማውራት ጀመሩ። እኔ ሸሪፍ ሙዚየም ደርሼ ስመለስ እዚያው ናቸው። ዘፈኑን አሰምተውኛል፣ አንዱ ቅጂ ጀርባ ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ዘፋኙ አላቋረጠም።

ጅብ እኔና ወንድሜ ብቻ ሄድን። እናቴ «ጾም ላይ ሆኜ ሥጋ አላጎርስም» አለች። መልስ አጣሁ።

ሌሊቱ። አስማዲን በሪ፣ የነገርከኝ ሁሉ ልክ ነበር፣ አንዱ ብቻ ሲቀር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አልከኝ። እኔን የያዘኝ 4 ሰዓት ላይ ነው። ከበሉን የያዘው ሰውዬ ዕድሜው 70 ይሆናል። እንጨቱ እጁ በሚይዝበት ቦታ ጎድጉዷል፣ ጣቶቹ ገብተው የሚያርፉበት ልክ ይመስላል። ሲያጋጨው አያይም። ዓይኑ ከፊቱ ካለው ልጅ ላይ ነው፣ አሥር ዓመት ይሆነዋል፣ እሱም ትንሽ ከበል ይዟል። ልጁ ሲያፈጥን አዛውንቱ አያርመውም፣ ዝም ብሎ የራሱን ይቀጥላል። ልጁ ራሱ ተመልሶ ይገባል። ሦስት ጊዜ እንደዚህ ሆነ። ስልኬን አላወጣሁም፣ ስለዚህ ማስረጃ የለኝም።

እናቴ እስከ 6 ሰዓት ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ በዝግታ፣ በጣቷ ጉልበቷን ትመታ ነበር። ያየኋት እንዳይመስላት ዞርኩ።

እሁድ። ጠዋት መድኃኔዓለም አስቀደሰች፣ እኛ ተኛን። ከዚያ መኪና ግርግር። ጨርቅ ሰፊው፣ አንተ የትኛው እንደሆንክ አላወቅኩም፣ ግን ቅዳሜ ሰጥቼ እሁድ 5 ሰዓት ወሰድኩ፣ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል። ጊድር መጋላ ሥጋ ተራው አጠገብ ጭላት ወርዶ ከአንድ ሰውዬ እጅ ሥጋውን ነጠቀ። ሰውዬው አልተገረመም። ተመልሶ ሌላ ገዛ።

ሁለት የተሳሳትናቸው ነገሮች። ስፌቱን ጀርባውን ሳላይ ገዛሁ። ማታ ስገለብጠው ፕላስቲኩ አብረቀረቀልኝ። እና ደግሞ ከሐረር የወጣነው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አይሱዙዎቹን አየናቸው። ባለባጃጁ ልክ ነህ።

ኪቦርድ_ተጫዋች (ማክሰኞ ማታ 1፡52)

ሰርግስ?

የቦሌ_እንግዳ (ማክሰኞ ማታ 1፡55)

እሁድ ማታ ድሬ ሆቴሉ አጠገብ ድንኳን ነበር። ቆመን ስናይ አንዲት ሴት እጄን ይዛ አስገባችኝ። ሙሽራዋን እስካሁን አላውቃትም። ኪቦርድ ላይ ያለው ልጅ አንተ ነበርክ እንዴ? ሰማያዊ ሸሚዝ?

ኪቦርድ_ተጫዋች (ማክሰኞ ማታ 1፡58)

አይ፣ እኔ ሳቢያን ሰፈር ነበርኩ። ሰማያዊ ሸሚዝ ተማሪዬ ነው። አክስትየውን ያያት ነበር?

የቦሌ_እንግዳ (ማክሰኞ ማታ 2፡01)

ዓይኑን አልነቀለም።

የቀፊራ_ልጅ (ማክሰኞ ማታ 2፡04)

ሙሸበኩስ? ቡናዬስ?

የቦሌ_እንግዳ (ማክሰኞ ማታ 2፡20)

ሁለት ኪሎ ገዝቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። አሁን ጋዜጣው ከሙሸበኩ ጋር አንድ ሆኗል፣ የስፖርት ገጹን እየላጥን ነው የምንበላው። ቡናህ ሐረር ፈረስ መጋላ ከተቆላው ነው፣ ቦሌ ስትመጣ ይፈላል።